ሆርሞን የሚያበዛ እንቅርት፦ ጅማና ዙሪያዋ ላለ ታካሚ፣ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ መድኃኒቱ ማቆሚያ

በጅማ ገበያ አንድ ዙር የዞረ ሰው አንገታቸው ላይ እብጠት ያለባቸው ሁለት ሦስት እናቶች አያጣም። ዝናብ እያጠበ አዮዲኑን የወሰደበት አፈር የሚያበቅለው እህልም አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመውት በሰላም ይኖራሉ። እዚህ የምንጽፈው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሆርሞን እያመረተ ልብን፣ አንጀትንና ጡንቻን ያለ እረፍት ሲያስሮጥ ስለሚመጣው ሕመም ነው።

የእብጠቱ ትልቅነት ስለዚህ ሕመም ምንም አይናገርም። ብርቱካን የሚያህል እንቅርት ያለበት ሰው ሆርሞኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አንገቱ ላይ ምንም የማይታይበት ደግሞ ልቡ ሲደልቅ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ የሚጀመረው ምት ከመቁጠርና ደም ከመመርመር ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ፦ ምትና ወረቀት

ታካሚው ብዙውን ጊዜ የሚለው ተመሳሳይ ነው፦ በደንብ እየበላሁ እከሳለሁ፤ ሌላው ጋቢ ደርቦ እኔን ይሞቀኛል፤ ልቤ ይመታል፤ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ በትንሹ እቆጣለሁ። ሽንት ቤት መመላለስ፣ የወር አበባ መሳሳት ወይም መቅረት፣ ከበርጩማ ሲነሱ ጭን መክዳትም ይኖራል። አረጋውያን ላይ ግን ይህ ሁሉ ላይታይ ይችላል። እነሱ ዝም ብለው ይከሳሉ፣ ይደክማሉ፣ ልባቸው ሥርዓት አጥቶ ይመታል፤ ቤተሰብም እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ክሳትና ላብ ስላለ ቲቢ ተብሎ፣ መርበትበት ስላለ ጭንቀት ተብሎ ወራት የሚባክንበት ሕመም ነው።

ምትዎን ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይቀምሱ ይቁጠሩ። የቀኝ እጅዎን ሌባ ጣትና የመሃል ጣት በግራ እጅዎ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣትዎ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይቁጠሩ፤ የራሱ ምት አለውና ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለጤነኛ ሰው ይሠራል፣ ለዚህ ሕመም ግን አይበቃም፤ አንዴ ፈጥኖ አንዴ የሚዘገይ ምት የሚታወቀው ሙሉ 60 ሰከንድ ሲቆጠር ብቻ ነው። ሦስት ጠዋት ቆጥረው ቁጥሩን ከነቀኑ ይጻፉ። ተኝተው ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ልክ ሆኖ አመታቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው፣ መዳፉን ወደ ታች አድርገው፣ ጣቶችዎን ከፍተው ሌላ ሰው አንድ የደብተር ወረቀት ላያቸው ላይ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። በዓይን የማይታየው ጥቃቅን መንቀጥቀጥ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይታያል፤ ቅጠል ላይ ነፋስ እንደሚያልፍ ይርገበገባል። ቡና የጠጣ፣ ጫት የቃመ ወይም የራበው ሰውም ስለሚንቀጠቀጥ ወረቀቱ ብቻውን ሕመሙን አያረጋግጥም። ከምቱ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ግን ለሐኪሙ ጥሩ መነሻ ነው።

የት መሄድ፣ ምን ማስመርመር

በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚታከሙ ከሆነ በቅድሚያ ጤና ጣቢያዎ ገብተው ሪፈር ያጽፉ፤ ያለዚያ ወረቀት ከፍ ያለው ሆስፒታል ከኪስዎ ያስከፍልዎታል። ከተማው ውስጥ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልና የደቡብ ምዕራቡ ሪፈራል የሆነው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አሉ። የሆርሞን ምርመራው ባሉበት ተቋም በዚያ ቀን ካልተሠራ ውጭ እንዲሠራ ወረቀት ይጻፍልዎታል።

የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ቲኤስኤች፣ ነፃ ቲ4፣ ሲቻል ቲ3። ቲ4 እና ቲ3 ታይሮይድ የሚያመርታቸው ሆርሞኖች ናቸው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትዕዛዝ ነው። ሆርሞን ሲበዛ ትዕዛዙ ይቆማል፤ ስለዚህ በዚህ ሕመም ቲኤስኤች ይወርዳል፣ ቲ4 እና ቲ3 ይወጣሉ። ብዙ ሰው ውጤቱ ላይ ቲኤስኤች ዝቅ ማለቱን አይቶ ሆርሞን አንሶኛል ብሎ ይደናገጣል፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የተለመደው የቲኤስኤች ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ሲሆን በዚህ ሕመም ከ0.1 በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ልኩ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያስመርምሩ፣ ወረቀቱንም አይጣሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን ያለበት ቫይታሚን ከወሰዱ ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብለው ያቁሙ፤ ባዮቲን በውጤቱ ላይ የሌለውን ሕመም እንዳለ ያስመስላል።

መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት ሲቢሲ (የደም ሕዋሳት ቆጠራ)፣ የጉበት ምርመራና ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኋላ ለማነጻጸር ያገለግላሉ፤ ጥቅማቸው ሲታመሙ ነው የሚታየው።

መነሻው ምንድን ነው?

ይህን ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይውጡ፤ የሕክምናውን ርዝመት የሚወስነው መነሻው ነው። የሰውነት መከላከያ ዕጢውን በስህተት የሚጎተጉትበት ግሬቭስ የሚባለው ሕመም በወጣት ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ዓይን አፍጥጦ የሚወጣው በዚህ ነው። በመድኃኒት ብቻ ሊድን ይችላል። በአካባቢያችን የበዛው ሌላው ዓይነት ግን የቆየ እጢ እጢ ያለው እንቅርት ነው፤ ለዓመታት አዮዲን አጥቶ ያበጠው ዕጢ ከፊሉ ትዕዛዝ መስማት ትቶ በራሱ ማምረት ይጀምራል። ይህኛው በኪኒን ይረጋጋል እንጂ አይድንም፤ ኪኒኑ ሲቆም ይመለሳል፣ መጨረሻውም ቀዶ ሕክምና ወይም ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። ሦስተኛው የዕጢው መቆጣት ነው፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ወይም ከጉንፋን ቀጥሎ አንገትን እያመመ ይመጣል። እዚህ ላይ ዕጢው አዲስ ሆርሞን አያመርትም፣ ያከማቸው ነው የሚፈስሰው፤ ስለዚህ የማምረት ማቆሚያ መድኃኒት አይሠራለትም፣ በወራት ውስጥ ራሱ ይበርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንቅርት በአዮዲን እጥረት ይመጣል የሚለው እውነት ስለሆነ አንዳንዱ የአዮዲን ጠብታ ወይም እንክብል ገዝቶ ይጀምራል። በራሱ ማምረት ለጀመረ እንቅርት አዮዲን ማለት በእሳት ላይ ጭድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ያደረገው ለሕዝቡ ጤና ነው፤ በወጥ ውስጥ የሚገባውን ያንን ጨው አይፍሩት፣ አያቋርጡትም። የሚከለከለው በመድኃኒት መጠን ያለው አዮዲን ነው። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒትና ለሲቲ ስካን በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ብዙ አዮዲን አላቸው፤ ከመሰጠቱ በፊት ሕመምዎን ይናገሩ።

መድኃኒቱን መጀመር

ሁለት ዓይነት ኪኒን አብረው ይጀመራሉ። ፕሮፕራኖሎል ልብን ያረጋጋል፣ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይታዘዛል፣ በሰዓታት ውስጥም ለውጡ ይታወቃል። አስም ካለብዎት አይወስዱትም፤ ይህን ሐኪሙ ባይጠይቅዎት እንኳ ራስዎ ይንገሩት። በድንገት ማቆምም ልብን ያስደነግጣል።

ሆርሞኑን የሚያቆመው ሌላኛው ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፒቲዩ (ፕሮፒልቲዮዩራሲል) ሲሆን መነሻው ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ነው። ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል ከተገኘ ይመረጣል፤ በቀን አንዴ መዋጥ ይቻላል፣ ጉበትንም እንደ ፒቲዩ አያሰጋም። የእያንዳንዱ ሚሊግራም ከሌላው ጋር አይገናኝም። ፋርማሲው አንዱን አጥቶ ሌላውን በተመሳሳይ ቁጥር ልስጥዎት ቢል እሺ አይበሉ፤ ሐኪሙ እንደገና ይጻፈው።

ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው። ሳምንት ሙሉ ውጦ ክሳቱ ስላልቆመ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል። ኪኒኑ የሚያግደው አዲሱን ምርት እንጂ በጎተራ ያለውን አይደለም፤ ዕጢው ደግሞ የሳምንታት ሆርሞን አከማችቶ ነው የሚኖር። ጎተራው እስኪጎድል ከ3 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መሃል የሚያሻሽልዎት ፕሮፕራኖሎል ነው።

ፒቲዩን በሰዓት መክፈል ይለማመዱ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከመተኛትዎ በፊት ከምሽቱ 4 ሰዓት። አንዱን ቢረሱ ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ከደረሰ ይለፉት፣ ሁለት አይደርቡ። ከፋርማሲ ከመውጣትዎ በፊት ማሸጊያው ላይ 50 ወይስ 100 ሚሊግራም የሚለውን ያንብቡ። 100 ሚሊግራም ሦስት ጊዜ ለታዘዘለት ሰው ወሩ በባለ 100ው 90 ፍሬ፣ በባለ 50ው ደግሞ 180 ፍሬ ይጠይቃል። በባለ 50ው 90 ፍሬ ይዞ ሄዶ በግማሽ መጠን ወሩን የጨረሰ ታካሚ ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒቱ አልያዘውም ይባላል፣ ስህተቱ ግን የቆጠራ ነበር። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ወይም ከሰቃ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ የ10 ቀን ትርፍ ይያዝ። ቡና በሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ቀጠሮ የሚያልፈው ስንት ነው! ያንን ከወዲሁ ለሐኪምዎ ነግረው የሁለት ወር ያጽፉ።

ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም

ይህን ክፍል በቤት ያለ ሰው ሁሉ ይወቀው። እነዚህ መድኃኒቶች ከ1000 ሰው ከ2 እስከ 5 በሚሆነው ላይ የነጭ ደም ሕዋስን በድንገት ያጠፋሉ፤ አብዛኛው የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ምልክቱ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የአፍ ቁስል ነው። በጊልጌል ጊቤ ዙሪያ ላለ ሰው ትኩሳት ማለት ወባ ነው፤ ከተማ ላለው ታይፎይድ። የወባ ምርመራ ይሠራል፣ መርፌ ይወጋል፣ ፒቲዩው ይቀጥላል፣ አደጋው እዚያ ነው። ስለዚህ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም በመጣ ቀን የታይሮይዱን ኪኒን ያቁሙ፣ በዚያው ቀን ሲቢሲ ያሠሩ፣ ለመርማሪውም የምወስደው ፒቲዩ ነው ይበሉ። ነጭ ደም ልክ ከሆነ ኪኒኑ ይቀጥላል። ከወረደ ሆስፒታል ይተኛሉ፣ መድኃኒቱም ለሁልጊዜ ይቀራል፤ ወደ ሌላኛው መቀየርም መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ጉበት ነው፦ ዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ሻይ መጥቆር፣ ምግብ መዘጋት፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም። እዚህም አቁሞ ወደ ሐኪም። ቀለል ያለ ማሳከክና ሽፍታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአለርጂ መድኃኒት ያልፋል።

ቡና፣ ጫት፣ ጾም

ጅማ ላይ ተቀምጦ ቡና ተዉ ማለት ከንቱ ምክር ነው። ቡና ሕመሙን አያመጣም፣ ሆርሞኑንም አይጨምርም፤ ልብ መምታቱን፣ መንቀጥቀጡንና የእንቅልፍ ማጣቱን ግን ያባብሳል። የጠዋት ምትዎ ከ90 በታች እስኪወርድ በቀን አንድ ሲኒ ይብቃዎት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም ይቅር። አቦሉን ለእንግዳ ትተው በረካውን ቢጠጡ ወጉም አይቀርብዎትም።

ጫት ላይ እንዲህ ለስላሳ መሆን አንችልም። ልብን ያፋጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሦስቱም በሽታው አስቀድሞ ያበላሻቸው ናቸው። በርጫ ላይ የዋለ ሰው በማግሥቱ የሚቆጥረው ምትም ሐኪሙን ያሳስተዋል። ማቆም ካልቻሉ ቢያንስ እውነቱን ይናገሩ፤ የሚታዘዝልዎት መጠን በዚያ ላይ ይሰላል።

ረመዳን ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። በቀን አንዴ የሚዋጠው ሜቲማዞል ወይም ካርቢማዞል በሱሑር ይወሰዳል፤ ፒቲዩ ሦስት ጊዜ ከሆነ ኢፍጣር ላይ፣ ከመተኛትዎ በፊትና ሱሑር ላይ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ሕክምናውን ከጀመረ ገና ሳምንታት የሆነው ወይም ምቱ አሁንም ከ100 በላይ የሆነ ሰው ግን ባይጾም ይሻላል። ለጾም ምግብ የሚከለከል የለም። ጠበልም ዱዓም ከኪኒኑ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ችግሩ ኪኒኑን ቤት ትቶ ለሁለት ሳምንት ጠበል መግባቱ ነው።

ሳይታከም ሲቀር

በብዛት የሚጎዳው ልብ ነው። የላይኛው የልብ ክፍል ሥርዓት አጥቶ ሲርገበገብ ደም ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል፤ ለዓመታት የሮጠ ልብም ደክሞ እግር ያሳብጣል፣ ሲተኙ ትንፋሽ ያሳጥራል። አጥንት ይሳሳል፣ በተለይ የወር አበባቸው ባቆመ ሴቶች ላይ። በግሬቭስ ዓይን ሲወጣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ሲጋራ ይህን በጣም ያባብሳል። ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ቀለም ከፈዘዘ ወይም ዓይን መክደን ካቃተ የዓይን ሐኪም በአስቸኳይ ይየው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሐኪሞች ታይሮይድ ስቶርም የሚሉት ሁሉንም የሚያስንቅ ነው። መድኃኒት አቋርጦ የነበረ ሰው ወባ፣ የሳንባ ምች፣ ወሊድ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲደርስበት ይነሳል፦ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከ140 በላይ ምት፣ ትውከትና ተቅማጥ፣ መቀባዠር። በጥሩ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ከሚያዙት ከ10 እስከ 30 በመቶው ይሞታሉ። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱ። በመንገድ ላይ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይስጡ፣ አስፕሪን ግን አይስጡ፤ አስፕሪን በደም ውስጥ ታስሮ የነበረውን ሆርሞን ይፈታል። የሚወስዳቸውን ኪኒኖች ማሸጊያ ሁሉ ይዘው ይሂዱ።

ክትትሉና ማቆሚያው

በመጀመሪያዎቹ ወራት በየ4 እስከ 6 ሳምንት ነፃ ቲ4 እና ቲ3 ይታያል። ቲኤስኤች ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ስለሚወስድ እሱን ብቻ አይቶ መጠን መጨመር ስህተት ነው፤ በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ተገፍቶ ይወፍራል፣ ይበርደዋል፣ ይፈዛል። ልኩ ሲገኝ መጠኑ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ክብደት ሲመለስና እንቅልፍ ሲመጣ ዳንኩ ብሎ በሦስተኛው ወር ማቆም የሁሉም ፈተና ነው። በግሬቭስ የሚመከረው ከ12 እስከ 18 ወር ነው፤ ያንን ጨርሰውም ግማሽ ያህሉ ሰው ይመለስበታል፣ ብዙው በመጀመሪያው ዓመት። ስለዚህ ካቆሙ በኋላም ምት መቁጠሩ ይቀጥላል።

ማርገዝ ያሰበች ሴት ይህን አስቀድማ ትናገር። ሜቲማዞልና ካርቢማዞል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንሱን ሊጎዱ ስለሚችሉ እስከ 16ኛው ሳምንት ፒቲዩ ይመረጣል። አርግዣለሁ ብሎ ራስን ከመድኃኒት ማቋረጥ ግን ውርጃን፣ የደም ግፊትንና ያለ ጊዜ መውለድን ይጋብዛል። መድኃኒቱን በጥቂት መጠን እየወሰዱ ጡት ማጥባት ይቻላል።

ቀዶ ሕክምናና ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን

እንቅርቱ ትንፋሽ ወይም ምግብ ሲያስቸግር፣ ካንሰር ሲጠረጠር፣ ወይም በኪኒን የማይድነው ዓይነት ሲሆን ቀዶ ሕክምና ይመጣል። አስቀድሞ ሆርሞኑ ልክ መሆን አለበት፤ ይህ ሳይሆን ቢላ ማንሳት ስቶርም መጥራት ነው፣ ስለዚህ የተራዘመ ቀጠሮ አያስቆጣዎት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው 24 ሰዓት አንገት ማበጥና ትንፋሽ ማጠር ከታየ ነርሷን በዚያው ቅጽበት ይጥሩ፤ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በአፍ ዙሪያ መደንዘዝና የጣት መኮማተር የካልሲየም መውረድ ነው፣ በካልሲየም ይታከማል። ድምፅ መጎርነን ብዙ ጊዜ በሳምንታት ይመለሳል፣ አልፎ አልፎ ይቀራል።

ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው፤ ዕጢው ውስጥ ተከማችቶ ከውስጥ ያጠፋዋል። የኑክሌር ሕክምና ክፍል ስለሚያስፈልገው ከጅማ የሚላክ ታካሚ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ አይሰጥም፤ ከወሰዱ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ማርገዝ አይፈቀድም። ዓይኑ ክፉኛ የተነካ ሰው ላይ ሊያባብሰው ስለሚችል ሐኪሙ ሌላ መንገድ ይመርጣል።

ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሆርሞኑን ዕድሜ ልክ በሌቮታይሮክሲን መተካት ግድ ነው፤ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን የወሰዱትም አብዛኞቹ ውለው አድረው ወደዚያው ይመጣሉ። ዕጢው ለወጣበት አዋቂ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 100 ገደማ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል። ብረትና ካልሲየም ከእሱ 4 ሰዓት ይራቁ። ቡና ደግሞ ኪኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ይጠብቅ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጠው ቡናውን ማጠብ ቢጀምሩ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪፈላ ሰዓቱ ይሞላል።